ቃል ከቤት፣ ፊደል ከትምህርት ቤት

የዛሬው ጽሑፌ ከአንድ ክርክር ይነሳል። አምና ክፍል ውስጥ ስለ ትምህርት ጥራት ስንወያይ አንድ ጓደኛችን ተነስቶ «የገጠር ልጅ እኮ ቤቱ የሚያግዘው የለም። እናትና አባቱ ራሳቸው አልተማሩም። ያልተማረ ወላጅ ልጁን ምን ብሎ ያስጠናዋል?» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ፤ አልዋሽም። የድብ ባሕር ልጅ ነኝ፤ የእናቴ ፊርማ የአውራ ጣቷ አሻራ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ስለ እኛ ቤት ነበር ማለት ነው።

አሁን ግን ያን ቀን ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ ክረምት ቤተሰብ ጋ በሄድኩ ጊዜ ነው። ዘግይቶም ቢሆን እነሆ።

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ድብ ባሕርን ያውቃታል። ቤት እንደገባሁ ታናሽ እህቴን «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳትና የአማርኛ መጽሐፏን ሰጠኋት። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ እንደ ውሃ ለቀቀችው። እናቴ ደስ ብሏት «አየህ አንተ!» አለችኝ። እኔም ደስ ሊለኝ ሲል ዓይኔ ጣቷ ላይ አረፈ። አፏ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቷ ገና ሁለተኛው ላይ ነበር። ገጹን በቃሏ ነው የያዘችው። ሌላውን በእጄ ሸፍኜ አንዲት ቃል ብቻ አሳየኋት። ዝም አለች። ሌላ ቃል አሳየኋት። አሁንም ዝም። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ማታ እህቴ ከተኛች በኋላ እናቴ «ይቺ ልጅ ትምህርቱ አልሆነላትም መሰለኝ። በከንቱ ከምትመላለስ ቤት ብታግዘኝ አይሻልም?» አለችኝ። ክፋት አይደለም። ውሃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚጠብቅ እጅ ያስፈልጋል። ግን አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀረው እንዲህ ባለች አንዲት ማታ፣ እንዲህ ባለች ረጋ ያለች ንግግር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህ የእህቴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሔት ላይ ባላወጣሁት። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ለክፍላቸው ከተመጠነ ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ያ ውጤት የተሠራው 12ኛ ክፍል ላይ አይመስለኝም። ጣትና አፍ በተለያዩበት በታች ክፍል ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ነገር አለ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ የእኛው አካባቢ ድረስ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤት ሲከፈትና ሲዘጋ ያደገ ልጅ የማይዘጋበት አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የእናትና የአባቱ ቤት። ታዲያ «እሱማ ምንም የለውም» ካልን ልጁን ወዴት ልንሰደው ነው?

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ማንበብና መጻፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ፊደልና ቃል። ፊደሉን መምህር ያስተምር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙ ናቸው፣ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። ቃሉ ግን ከቤት ነው የሚመጣው። ልጅ አፉ ላይ የሌለውን ቃል ዓይኑ ቢያየው አይገባውም፤ እጁም አይጽፈውም። ቃል ደግሞ ያልተማረ ሰው ቤት ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው።

ማስረጃ ካላችሁ፣ አንድ ገበሬ ስለ እርሻው ሲያወራ ስሙት። እኛ ተማሪዎቹ «የእርሻ መሣሪያ» ብለን የምናልፈውን እሱ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ፣ ምራን እያለ አንድ በአንድ ይጠራዋል። በሬው «በሬ» ብቻ አይደለም፤ ቡሬ ነው፣ ቦራ ነው፣ ዳለቻ ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ባዘቶ፣ እንዝርት፣ ድውር፣ ልቃቂት ትላለች። ሰው ሲሄድ «ሄደ» ብቻ አትልም፤ አዘገመ፣ ገሰገሰ፣ ተንደረደረ፣ ዳከረ ትላለች። እንዴት እንደሄደ በአንዲት ቃል ታሳያችኋለች። እኛ እዚህ ሁለት ዓመት ተምረን የምንጽፈው ምንድነው? «ከማድረግ አኳያ»፣ «ከመሆኑ አንጻር»፣ «እንቅስቃሴ እየተደረገ ይገኛል»። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከሁለታችን የቃል ደሃው ማን ነው?

ወደ እህቴ ልመለስ። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔም አበላሸሁት። መምህር መሆን አማረኝና «ይህን ገጽ አምስት ጊዜ ገልብጪ» አልኳት። ምን አደረገች መሰላችሁ? የመጀመሪያዋን ቃል ከላይ ወደ ታች አምስት ጊዜ ጻፈች፤ ከዚያ ሁለተኛዋን አጠገቧ አምስት ጊዜ፤ እንዲህ እያለች ገጹን ጨረሰችው። እንደ ሽመና ነው የሠራችው። ሥራው አለቀ፤ ትምህርት የሚባል ነገር ግን አልተካሄደም። ቀጥዬ «ስለ ክረምት ጻፊ» አልኳት። «ክረምት ደስ ይላል። ዝናብ ይዘንባል። ደስ ይላል።» ብላ ደብተሯን አጠፈች።

በማግስቱ ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ እናቴ «ቦራ ከገደል አፋፍ ላይ እንዴት እንደወጣ ንገሪው እስቲ» አለቻት። እህቴ ተነሳች። ጉሙ ድፍን እንዳለ፣ በሬው እግሩ እንደተንሸራተተ፣ ጎረቤት በጠፍር ሊስብ ሲሞክር እሱ ግን ደንግጦ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እንዳለ፣ እሷ ጨው በእጇ ይዛ «ና ቦራዬ» እያለች እንዳባበለችው፣ በመጨረሻ ሽቅብ ዘሎ ሲወጣ እሷን ጭቃ ላይ እንደጣላት፣ ሳታቋርጥ ነገረችኝ። «ደስ ይላል» የምትል ቃል አንድም ጊዜ አልተነፈሰችም። ያቺ ሦስት መስመር የጻፈች ልጅ ናት! ቃል አጥታ አልነበረም ለካ። ቃሏ ደብተር ላይ መግባት እንደሚችል የነገራት ሰው ነው የጠፋው።

ያን ማታ የተናገረችውን እንዳለ፣ ሳላስተካክል፣ በትልልቁ ጻፍኩት። ጠዋት «ይህ ያንቺ ነው፤ አንብቢው» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን አደረገች። ቀስ እያለች ነው የሄደችው፤ ግን ጣቷና አፏ አብረው ነበሩ። ይህንንም በቃሏ ይዛው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጬ ቃላቱን ቀላቀልኳቸውና «እስቲ መልሰሽ አሰልፊያቸው» አልኳት። ግማሹን አገኘችው። «አፋፍ» የምትለዋን ግን ወዲያው ነው ያነሳቻት። ቦራ ሊሞትበት የነበረ ቦታ እኮ ነው፤ እንዴት ትረሳዋለች?

ይህን ስሠራ ትዝ ያለኝ የራሴ ልጅነት ነው። ታላቅ ወንድሜ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሑመራ ይወርድ ነበር። ስልክ እኛ ቤት ገና አልገባም። እናቴ እኔን ደብዳቤ ታስጽፈኝና በሚወርድ ሰው እጅ ትልካለች። አንድ ጊዜ «ወንድሜ ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን። ቡሬ ሞተ።» ብዬ ጽፌ አነበብኩላት። ተቆጣች። «እንዲህ ተብሎ መርዶ ይነገራል? ሰው አገር ያለ ልጅ አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ሰላምታውን አድርስ። ዝናቡን ንገረው፣ አዝመራውን ንገረው። ከዚያ ቡሬ ሰንበትበት ብሎት ነበር በል። መጨረሻ ላይ ትነግረዋለህ» አለችኝ። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አነበብኩላት። «አሁን ሆነ» እስክትል ድረስ ሦስት ጊዜ ተጽፏል።

ዜና አጻጻፍ ስንማር መምህራችን ዋናውን ነገር መጀመሪያ አምጡ ይላሉ። ለዜና እሳቸው ልክ ናቸው፤ ለመርዶ እናቴ ልክ ናት። ግን የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ የሚያነብልህን ሰው አስብ ነው። ፊደል የማታውቅ ሴት የመጀመሪያዋ አርታኢዬ ነበረች። ይህን ክፍል ውስጥ ተነስቼ መናገር ነበረብኝ።

ዛሬ ስልክ ገብቷል፤ መግባቱም መልካም ነው። ወንድምን በድምፁ መስማት ከደብዳቤ ይበልጣል፤ እናቴም አትለውጠውም። ነገር ግን ልጅ ለቤተሰቡ ጸሐፊ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀርቷል፤ ማንም አልሞላውም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አገራችን ጎንደር የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ምን ያደርጋል? ግስ ያጠናል፤ ቃል ያከማቻል ማለት ነው። ከዚያ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። ቃል መሰብሰብ፣ ከትንሽ ጀምሮ የራስን ነገር መፍጠር፣ ሰምቶ የሚያርም ሰው ማግኘት፤ ሦስቱም አሉበት። ከጥንቱ ትምህርት የወረስነው ግን ከዚህ ይልቅ የጅምላ ዜማውን ይመስለኛል። የእህቴ ክፍል «በሉ ከእኔ በኋላ» እየተባለ ነው የሚነበበው፤ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲል ማን ፊደል እንዳወቀ ማን በዜማ እንደተሳበ አይለይም። መምህሯን አልወቅስም፤ ለስልሳ ልጅ አንድ ሰው ናቸው።

ፈረንጆቹም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው፣ የድሃ ልጅ ከሀብታም ልጅ በ30 ሚሊዮን ቃል ያነሰ ሰምቶ ያድጋል አሉ። ይህ ቁጥር ዓለምን ዞረ። ኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ከእናትየው ሌላ አያቱም ጎረቤቱም በልጁ ዙሪያ የሚያወራው ይቆጠር ብለው ሲቆጥሩ ልዩነቱ እንደተባለው ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ልጁ ከሰማው የቃል ብዛት ይልቅ አንድ እሱ አንድ ትልቁ ሰው እየተቀባበሉ መነጋገራቸው እንደሚበልጥ አሳየ። ይህን ሳነብ የእኛ እንቆቅልሽ ትዝ አለኝ። «ምን አውቅልህ» ብሎ የማይመልስ ካለ ጨዋታው አይጀመርም። አያቶቻችን ይህን ለማወቅ መቅረጸ ድምፅ አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ ግን ቤታችንን ዝም ብዬ ላወድስ አልችልም። ቃል አለን፤ ልጅን ማናገር ላይ ግን ስስታሞች ነን። ልጅ ትልቅ ሰው መሐል አይገባም። እጅ ያስታጥባል፣ ቡና ያቀርባል፣ ቆሞ ይሰማል። መስማቱ መልካም ነው፤ ቃሉን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ግን የሰማውን መልሶ ካላወጣው የራሱ አይሆንም። «ዝም በል! ልጅ አይደለህም?» የምንለው ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሄዶ «ስለ ክረምት ጻፍ» ሲባል ሦስት መስመር ጽፎ ዝም ይላል። ዝም ማለትን እኛው ነን ያስተማርነው። ማክበር ይቅር አላልኩም። ከትልልቆቹ ጨዋታ በኋላ «አንቺስ ዛሬ ምን አየሽ? ከዚያስ?» ማለት ግን ክብር አይቀንስም።

የከተማውም ቤት የራሱ ችግር አለበት። ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያናግር ጎንደር ከተማ ውስጥም አይቻለሁ። ሰውዬው በአማርኛ ቢያወራ መቶ ቃል የሚያወርሰውን ልጅ፣ በማያውቀው ቋንቋ «ካም፣ ጎ፣ ኢት» ብቻ ያወርሰዋል። እንግሊዝኛው በትምህርት ቤት ይመጣል። አባቱ አፍ ላይ ያለው አማርኛ ግን ከአባቱ በቀር ሌላ መምህር የለውም።

«እናቶች ጊዜ የላቸውም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የላቸውም። እኔም ተጨማሪ ሰዓት አልጠየቅኩም። እናት «ያንን ነገር አምጪልኝ» ከምትል «አክንባሎውን አምጪልኝ» ትበል። ወደ ወንዝ ሲወርዱ የመንገዱን ዛፍና ወፍ በስሙ ትጥራላት። ማታ እሳት ዳር አንድ ተረት፣ አንድ እንቆቅልሽ። የቤቱን ጽሑፍ ሥራ ደግሞ ለልጅ ይስጡ። በእኛ አገር ያልተማረ ሰው ቤትም እኮ ጽሑፍ አለ! የእድር መዋጮ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የማኅበር ተራ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የተበደርነው እህል። አንዲት ደብተር ገዝቶ «ጻፊው፤ ከዚያ አንብቢልኝ» ማለት ነው። ማንበብ የማትችል እናት ስህተት መያዝ እንደምትችል ከእኔ እናት በላይ ምስክር አልጠራም።

በእርግጥ በወሬ ብቻ አይሆንም። አያቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥራ ነበር። ያ ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው። አያቴ ግን በኋላ ቤቷ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ስሟን ከመለየት በቀር ሁሉም ጠፋባት። ፊደል ካልሠሩበት ይዝጋል። ስለዚህ መጽሐፍ ያስፈልጋል። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ላይብረሪ ሠራተኛ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየጫኑ ለልጆች አዳረሱ። አህያና በቅሎ እኛ ጋም አይጠፋም። መጽሐፍ እስኪጫንባቸው ድረስ ግን የልጆቹን ወሬ ጽፈን መልሰን ብናስነብባቸው መጽሐፍ መሥራት ጀመርን ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ታናናሾቻችን ይጠብቁናል። አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ይዘን እንሂድ። አስተማሪ አንሁን፤ ጸሐፊ እንሁን። እነሱ ይንገሩን፣ እንጻፍላቸው፣ ያንብቡልን። ቀስ ብለን እስክርቢቶውን ለእነሱ እንልቀቅ። ስንመለስ ደግሞ ደብተሩ እዚያው ይቅር፤ እናት ትቀጥለው።

እህቴን አስተምሬ ጨርሻታለሁ ብዬ አልዋሽም። ብዙ ፊደል አሁንም ይምታታባታል፤ ክፍሏን እንድትደግም ተወስኗል። ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሄዳለች። እናቴ ያን ማታ ያለችውን እንደገና አላነሳችም፤ «እስቲ ዘንድሮን እንይ» ነው ያለችው። ባለፈው ሳምንት ከአገር የመጣ ዘመድ የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝ። ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተው ሽቅብ ይሄዳሉ። እንዲህ ይላል፦ «ወንድም ጋሼ እንደምን ከርመሃል። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ቆመ። አዝመራው ጥሩ ነው። ቦራ ሰንበትበት ብሎት ነበር።»

ወረቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ሰላምታው ቀድሟል፣ አዝመራው ተነግሯል፣ ቦራ ሰንበትበት ብሎታል። እናቴ አጠገቧ እንደነበረች ገባኝ። ስለ ቦራ ፈራሁ፤ ግን ደስም አለኝ። አሁን መልስ እየጻፍኩላት ነው፤ የመጀመሪያዋ መስመር «ከዚያስ?» ትላለች።